ቀብድ ከመላክሽ በፊት

እስቲ ስልኩን ወደዚህ አዘንብዪው። ሦስት ስቱዲዮ፣ ሦስት የዋጋ ዝርዝር። ሦስቱም ዘንድ «ሲልቨር»፣ «ጎልድ»፣ «ፕላቲነም» አለ፤ የአንዱ ጎልድ ግን የሌላውን እጥፍ ይጠራል። ልብሽ ወደ ርካሹ እንዳጋደለ ፊትሽ ላይ ይነበባል። ቆይ፣ ቀብዱን አትላኪ። እኔ የሰርግ ፎቶን የማውቀው ከኮምፒውተሩ በኩል ነው፤ የሰው ሰርግ ሲመረጥ፣ ሲታረም፣ አልበም ሲሆን ቁጭ ብዬ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሙሽሮች ምን ሲያዩ እንደሚደሰቱ፣ በምን እንደሚጣሉ እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ደህና አድርጎ ይታያል። ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ በፎቶው ጥራት አይደለም። «እንዲህ አላላችሁኝም ነበር» በሚለው ነው።

በመጀመሪያ ጎልዱንና ፕላቲነሙን እርሺው። መለኪያ ያወጣለት የለም፣ ባለ ስቱዲዮው ደስ ያለውን ይጽፍበታል። ሦስት ደረጃ የሚያደርጉትም በከንቱ አይደለም፦ የታችኛው ጎደሎ መስሎ እንዲታይ ተደርጎ ይሠራል፣ የላይኛው ዋጋው እንዲያስደነግጥ፤ ሊሸጡልሽ የተዘጋጁት መካከለኛውን ነው። ተንኮል ብዬ አላማርርም፣ ንግድ ነው። አንቺ ግን ከስሙ ውረጂና አንድ በአንድ አስዘርዝሪያቸው። ስንት ሰው ነው የሚመጣው? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? የትኛው ፕሮግራም አለበት፣ የትኛው የለበትም? እጄ ላይ የሚገባው ምንድን ነው፣ መቼ?

ፕሮግራም ያልኩትን በደንብ ያዢው። እኛ አገር ፎቶ አንሺ ሒሳብ የሚሠራው በፕሮግራም ነው፤ ቀለበት ለብቻው፣ የሰርጉ ቀን ለብቻው፣ መልስ ለብቻው፣ ቅልቅል ለብቻው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስታችን ልጅ የተዋዋለችው በሰዓት ነበር፤ የተስማሙበት ሰዓት ሲሞላ ከዚያ በላይ ያለው እየተቆጠረ ይከፈላል፣ አልበሙም ከፈለገች በሌላ ዋጋ ነው። እዚያ ዋናው ውል ፎቶዎቹን ከኢንተርኔት አውርዶ መውሰድ ነው። ስለዚህ እሷ የነገረችሽን ዶላር በብር አባዝተሽ «እዚህማ ርካሽ ነው» አትበይ፤ የሚገዛው ነገር አንድ አይደለም። እዚህ «ሙሉ ቀን» ሲሉሽ ደግሞ ቀኑ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ አስጽፊ። ተክሊል የምታደርጊ ከሆነ ገና ሳይነጋ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትገቢው። ከቅዳሴ በፊት የገባ ካሜራማን ማታ አዳራሹ ውስጥ ኬክ ሲቆረስ ዓይኑ ይቀላል፣ እግሩ ይከብዳል። ደህና ስቱዲዮ ይህን ስለሚያውቅ ወይ ሰው ይለዋውጣል ወይ ሁለተኛ ሰው ይጨምራል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ርካሹ ስቱዲዮ ይህን ያላሰበው ሊሆን ይችላል። ጠይቂው፣ መልሱ ብዙ ይነግርሻል።

ዋጋው ለምን እንዲህ እንደተሰቀለ ደግሞ የቀን መቁጠሪያውን ክፈቺና እይ። በጾም ሰርግ የለም፤ ሥራው በብዛት የሚታጨቀው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን ገባ፤ ጥር 11 ላይ ጥምቀት አልፎ ጾሙ እስኪገባ የነበሩት ቅዳሜና እሑዶች አራት ጊዜ ብቻ ናቸው። ያንቺ የጥር ሰርግ ባለበት በ2019 ግን ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ ሰባት ቅዳሜና እሑድ አለ። ይህ ላንቺ መልካም ዜና ነው፣ ለመደራደርም አቅም ይሰጥሻል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ግን ረመዳን የካቲት መግቢያ ላይ ስለሚጠብቃቸው ሰርጋቸውን ወደ ጥር መግፋታቸው አይቀርም። ስለዚህ የጥር ቅዳሜዎች ከሁለት ወገን ይፈለጋሉ፣ የየካቲት አጋማሾቹ ረገብ ይላሉ። እጮኛሽ ቀኑን በሁለት ሳምንት ቢያዘገየው የፎቶውም የአዳራሹም ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። አማቶችሽ አዳራሽ ይዘናል ካሉ ግን ተዪው፣ ለፎቶ ብለሽ ከአሁኑ ጠብ አትጀምሪ።

ባለ ስቱዲዮውን ደግሞ በዚህ በኩል እዪው። ቤት ኪራይና ደመወዝ በጾምም አይቆምም። በነሐሴ ፍልሰታ ስቱዲዮው ባዶ ሆኖ የሚከፈለው ኪራይ ጥር ላይ ካንቺ ሰርግ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው በሥራ ቀን የሚደረግ ሰርግ ላይ ብዙዎቹ ያለ ብዙ ክርክር የሚቀንሱት፤ ያ ቀን ባይያዝ ኖሮ ምንም አያስገባም ነበር።

ጓደኛሽ በ2015 ያገባችበትን ዋጋ ይዘሽም አትሂጂ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ካሜራው፣ ሌንሱ፣ የአልበሙ ወረቀት፣ የማተሚያው ቀለም፣ ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው። የ2015 ዋጋ ዛሬም የሚጠራልሽ ሰው ካጋጠመሽ የሆነ ቦታ አንድ ነገር ቀንሷል ማለት ነው፤ ምን እንደቀነሰ እወቂ።

የማይታየው ሥራ የት እንዳለ ላሳይሽ። ሁለት ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሲያነሳ 3,000 ፎቶ በቀላሉ ይጠራቀማል። ከዚያ ዓይን የጨፈነበት፣ የደበዘዘው፣ ተደጋጋሚው ወጥቶ 600 ይቀራል እንበል። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብቻ ብትሰጪው 30 ሰዓት ነው፤ አልበሙ ሳይነካ፣ ቪዲዮው ሳይከፈት። ጥር ላይ ስቱዲዮው ውስጥ የብዙ ሰው ሰርግ ተደራርቦ ወረፋ ይጠብቃል። «በሁለት ሳምንት ሁሉንም አስረክባለሁ» የሚልሽ ሰው ወይ ሥራ የለውም፣ ወይ ፎቶውን ሁሉ በአንድ ቀለም በአንድ ጊዜ አጥቦ ነው የሚሰጥሽ። የጠዋቱ የቤት ውስጥ ብርሃን፣ የእኩለ ቀኑ የመናፈሻ ፀሐይ፣ የማታው አዳራሽ መብራት አንድ አይደሉም፤ በአንድ ቀለም ሲታጠቡ ጠዋት ጠይም የነበርሽው ማታ ብርቱካን ትሆኛለሽ።

ስለ ቀለም ካነሳን፦ ቆዳዬን አታንጡብኝ፣ ፊቴን አታለስልሱብኝ በያቸው፣ ከመጀመሪያው። እኔ ስንቷን ጠይም ሙሽራ «አንጣልን» ተብዬ አንጥቻለሁ፤ የሚለምኑት አንዳንዴ ሙሽሮቹ ሳይሆኑ ቤተሰቡ ነው። እናታችን ብትጠይቅ እንኳ እሺ አትበይ። አንቺ በመልክሽ ነው የምታምሪው።

ወደ ምርጫው ስትመጪ ቴሌግራምና ኢንስታግራም ላይ በሚለጥፉት ምርጥ ፎቶ አትታለዪ። ከዓመት ሥራ ሃያ ቆንጆ ፎቶ የማይወጣው ሰው የለም። አንድ ሙሉ ሰርግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳዩኝ በይ። ስታዪም ሙሽሮቹን ተያቸውና የማታውን ፈልጊ፦ አዳራሹ ጨለምለም ብሎ፣ ዲጄው ቀይና ሰማያዊ መብራት እያሽከረከረ፣ ሰው እስክስታ ሲወርድ። ፊት ይታያል? የሙሽራዋ ቬሎ ጥልፉ ይታያል ወይስ ነጭ ጨርቅ ብቻ ሆኗል? ፀሐይ ላይ ነጭ ልብስና ጠይም ፊት አንድ ላይ ማንሳት የሚችል ሰው ሥራውን ያውቃል። ከዚያ የዘመድ ፎቶዎቹን እዪ፤ አዛውንቶቹ በክብር ቆመዋል ወይስ ጫፍ ላይ ተቆርጠዋል?

ቀጥለሽ «እኔ ጋ ማን ነው የሚመጣው?» በይ። ይህን ጥያቄ እንዳታልፊው። ሥራ በሚበዛበት ጊዜ አንድ ስቱዲዮ በአንድ ቅዳሜ ብዙ ሰርግ ሊይዝ ይችላል፤ ባለቤቱ አንዱ ጋ ይሄዳል፣ ለሌላው በቀን የተቀጠረ ልጅ ይልካል። የተቀጠረው ልጅ ከባለቤቱ የተሻለ ሊሆንም ይችላል፣ አይቻለሁ። ግን ያየሽው ሥራ የሱ ይሁን። ስሙ ውሉ ላይ ይግባ፤ ቢታመም ማን እንደሚተካውም እንዲሁ።

ካሜራውን ጠይቂ ስልሽ ባለሙያ ለመምሰል አይደለም። ካሜራው ስንት ካርድ ይይዛል በይ። ካነን 5ዲ ማርክ 3 ሁለት ካርድ ይወስዳል፤ ካነን 6ዲ አንድ ብቻ። ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ሁለት አለው፤ የመጀመሪያው ካነን ኢኦኤስ አር አንድ ነው። ሁለት ካርድ ያለው ካሜራ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለት ቦታ ሊጽፈው ይችላል፣ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው አለ። ባለ አንድ ካርድ ካሜራ ያለው ሰው መጥፎ ፎቶ አንሺ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ማታውኑ ቤቱ ገብቶ ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል ወይ? ከሰርጉ በኋላስ ለስንት ጊዜ ያስቀምጠዋል? ተክሊልን እንደገና የሚያስነሣ የለም።

ድርድሩ ላይ እናታችን እንደ ሽንኩርት ልትከራከርልሽ ትፈልጋለች፤ አትውሰጃት። ዋጋውን ጠምዝዘሽ ስታስወርጂው ባለ ስቱዲዮው እሺ ይልሻል፣ ከዚያ አንቺ የማታዪውን ይቀንሳል። ሁለተኛው ፎቶ አንሺ ይቀራል፣ ለአልበሙ የሚሰጠው ጊዜ ያጥራል። ይልቅ ራስሽ ቀንሺ፦ «ይህን አውጡና ስንት ይሆናል?» ብለሽ። ምን ይውጣ ካልሽኝ መጀመሪያ ክሬኑን አውጪው። አዳራሹ ውስጥ የሚወዛወዝ ረጅም ብረት የእንግዳን እይታ ይከልላል፣ የሚሰጥሽ ደግሞ የጣሪያና የራስ ቅል ምስል ነው። ድሮኑም ይቅር፤ እዚህ አገር ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ነው፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ከተማ መሃል ሲያስነሣ ችግሩ ለሰርግሽ ቀን ይተርፋል። ትልቁ የግድግዳ ፍሬም? ቤታችሁ ግድግዳው ስንት ነው እስቲ፣ ኮንዶሚኒየም አይደል? የእንግዳ መፈረሚያው ፍሬም ግን ደስ ይላል፣ ርካሽም ነው፤ እሱን አቆዪ። ላይቭ ስክሪኑ አዳራሹ ሰፊ ሆኖ ከኋላ ያለው ሰው መድረኩን የማያይ ከሆነ ብቻ። ሁለተኛውን ፎቶ አንሺ በምንም አትንኪው፤ አንቺ ቤት ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከራከሩ ሙሽራው ገና መኪና ውስጥ ነው፣ አንድ ሰው ሁለቱ ቦታ አይገኝም።

አልበሙ ጋ ስትደርሺ ንቂ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚከፍለው እዚህ ነው። «ባለ 40 ገጽ» ሲሉሽ የሚቆጥሩት አንዱን ገጽ ነው ወይስ ሲዘረጋ ሁለቱን ጎን አንድ ላይ? ልዩነቱ እጥፍ ነው። ከዚያ ወር ሁለት ወር ቆይተው ዲዛይኑን ይልኩልሻል፤ ስትቆጥሪው 70 ገጽ ሆኖ ታገኚዋለሽ። «ፎቶው ቆንጆ ስለሆነ አላስቀረንም፣ የማትፈልጊውን ቀንሺ» ይላሉ። ማን ይቀንሳል? አያታችንን ትቀንሻለሽ? ትርፉን ገጽ ትከፍያለሽ። እኔም እንዲህ ያለ ዲዛይን ሥሪ ተብዬ ሠርቻለሁ፣ ለስቱዲዮው ደህና ገቢ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ የተጨማሪ ገጽ ዋጋ ዛሬውኑ ይጻፍ፣ ፎቶዎቹን የምትመርጪው አንቺ ሁኚ፣ የመጀመሪያው ዲዛይን በተዋዋላችሁበት ገጽ ልክ ይምጣ። ስንት ጊዜ ማስተካከያ በነፃ እንደሚያደርጉም ጠይቂ። ለሁለቱ ወላጆች ትናንሽ አልበም አብሮ ካለ ደግሞ የትልቁ ቅጂ ይሁን ወይስ የተለየ፣ እሱም ይታወቅ፤ አማትሽ የራሳቸው ወገን ያነሰበት አልበም ከደረሳቸው ወቀሳው ላንቺ ነው።

ያልታረመውን ፎቶ ሁሉ ስጡኝ የሚል ሙሽራ ብዙ ነው። አይሰጡሽም፣ ቢሰጡሽም ሦስት ሺህ ፎቶ የትም አታደርጊውም። የታረሙትን ግን በሙሉ መጠናቸው በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ተቀበዪ፤ በቴሌግራም ዝም ብሎ እንደ ፎቶ የተላከ ተጨምቆ ነው የሚደርስሽ፣ ስልክ ላይ ያምራል፣ ሲታተም ይፈርሳል። ቪዲዮውን በተመለከተ አጭሩና ሙሉው ሁለቱም መኖራቸውን አረጋግጪ። አጭሩን የሚያሳምሩበት ዘፈን የሰው ከሆነ ዩቲዩብ ላይ ስትለጥፊው ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፣ እንዳትደነግጪ።

አሁን ወደ ቀብዱ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል። በሌላ መንገድ ካልተስማማችሁ በቀር አንቺ ብትተዪው ቀብድሽን ታጪያለሽ፤ የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ጥር ላይ የተሻለ የሚከፍል ሙሽራ አግኝቶ «ይቅርታ፣ ብርሽን ልመልስልሽ» ለሚልሽ ሰው መልሱ እዚያ አለ። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ተብሎ፣ ቀኑ፣ ቦታውና ጠቅላላ ዋጋው ተጠቅሶ ይጻፍ። በቴሌብር ወይም በባንክ ስትልኪም ምክንያቱ ላይ ይህንኑ ጻፊ። የተነገረሽ ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ያካተተ መሆኑን ጠይቂ፤ ከ100,000 ብር ላይ 15,000 ድንገት ሲጨመር ያናድዳል።

አከፋፈሉን በሦስት ክፈዪው፦ ቀብድ፣ ለሰርጉ ቀን፣ ለአልበሙ። ለመጨረሻው የምታስቀሪው በጣም ትንሽ አይሁን፤ ሥራው አልበሙ ላይ ሲጓተት የሚያስታውሳቸው እሱ ነው። በጣም ብዙም አይሁን፤ እነሱም አልበሙን አሳትመው ሙሽሮቹ ሳይወስዱት የቀረ መደርደሪያ ሙሉ አላቸው። ማስረከቢያው ቀን በቁጥር ይጻፍ፤ «በቅርብ ጊዜ» የሚባል ቀን የለም።

አንድ የሚዘነጋ ነገር። ስቱዲዮው ፎቶሽን ገጹ ላይ ለማስታወቂያ ሊለጥፈው ይፈልጋል። የዚያው ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። መከልከል ትችያለሽ፤ ወይም ፈቅደሽ በምትኩ አንድ ነገር ጠይቂ፣ ለምሳሌ የምስጋና ካርዶቹን። እጮኛሽም ይጠየቅ፣ የሥራ ቦታው ፊቱ እንዲዞር ላይፈልግ ይችላል። ውሉ ላይ አዎ ወይም አይሆንም ተብሎ ይግባ።

የሰርጉን ቀን ራሱን ደግሞ ዛሬ እናስበው። በቤተ ክርስቲያኑና በአዳራሹ መካከል ለመናፈሻ ፎቶ የምትተዪው ሰዓት ስንት ነው? እንጦጦ ፓርክ ወይም ወዳጅነት ፓርክ እያልሽ ነበር፤ መግቢያውንና የሙሽራ ፎቶ ክፍያውን ማን ይከፍላል፣ አስቀድሞ መያዝ አለበት ወይ፣ ስቱዲዮው ይጠይቅልሽ። የቅዳሜ መንገድ ታውቂዋለሽ። እንግዳ ርቦት አዳራሽ ተቀምጦ ሙሽሮቹ ዛፍ ሥር ሲሽከረከሩ ከዋሉ በኋላ የሚነሣው የአዳራሽ ፎቶ ላይ የሁሉም ፊት ያኮረፈ ነው፤ ብዙ አርሜያለሁ፣ ኩርፊያ አይታረምም። ቦታ ሁለት አታድርጊ፣ አንድ ይበቃል። ደብሩንም ካሜራማኑ የት እንዲቆም እንደሚፈቅዱ፣ ፍላሽ ይቻል እንደሆነ ከሳምንት በፊት ጠይቁ። ለካሜራ ልጆቹም ምሳ የሚያቀርብላቸው ሰው መድቢ፤ ሰርጉ ላይ ማንም የማያስታውሳቸው እነሱን ነው፣ ከንጋት ጀምሮ የቆሙትም እነሱ ናቸው።

የዘመድ ፎቶውን ዝርዝር እኔ እጽፍልሻለሁ። ማን ከማን ጋር እንደሚቆም፣ ማን ከማን ጋር መቆም እንደሌለበትም ጭምር። ፎቶ አንሺው አጎታችንን አያውቃቸውም፣ ከጎንደር የመጡትን የአባታችንን አክስት አያውቃቸውም፤ ካልጠሯቸው እሳቸውም በራሳቸው አይነሱም። ዝርዝሩን ለወንድማችን እንሰጠዋለን። ዘመዱን ሁሉ በስም ይጠራል፣ ማይክ ሳያስፈልገው አዳራሹ ዳር ድረስ ይሰማል።